ሮታሪ መኪና ስትገዙ አሙቆ የጠበቃችሁን ሻጭ አትመኑ

የቆየች ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባል ሦስት ጎን ያለው አካል የሚዞርበት ሞተር) ያላት መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ይህችን አንብቡ። እኔ ተታልያለሁ። ሌላ ሰው ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ1989 የተሠራች ማዝዳ አርኤክስ-7 ነው። ላያት ስደርስ ሻጩ ሞተሯን አስነስቶ አገኘሁት። «ቆመህ እንዳትጠብቅ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩህ» አለኝ። ደግነት መሰለኝ። ስነዳት ምንም እንከን አልነበራትም። ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ግን በደቂቃ 1,100 ዙር አካባቢ ነበር፤ መሆን የነበረበት ወደ 750 ነው። ስጠይቀው «ስታረጅ እንዲህ ናት» አለኝ። አመንኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሪኖው ዞሮ ዞሮ መኪናዋ አልነሳ አለች። በስንት መከራ ስትነሳ መላ አካሏ ተንቀጠቀጠ። ከጭስ ማውጫዋ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ ወጣ። ነዳጅ ካልረገጥኩላት ትጠፋለች። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ግን ምንም እንዳልሆነች ጸጥ አለች። ሰውየው ለምን አሙቆ እንደጠበቀኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ቀጥሎ የጎዳኝ ጋራዡ ነው። አራቱን ካንዴላዎች ቀየሩ፣ ቦቢና ቀየሩ። ከዚያ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየርና ነዳጁን ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ለክተው «ሞተሩ ጤነኛ ነው» አሉኝ። የለኩት ግን ለፒስተን ሞተር በተሠራ መለኪያ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሮተር ሦስት ጎን አለው፤ ሦስቱም ጎኖች በየተራ ያምቃሉ። ተራው መለኪያ የሚያሳየው ከሦስቱ የበለጠውን ብቻ ነው። ከሮተሩ ጫፎች የአንዱ ሲል (ግፊት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ማሸጊያ) ቢሰበር ሁለት ጎኖች ይደክማሉ፤ ሦስተኛው ደህና ስለሆነ መለኪያው ጥሩ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሦስቱንም ለየብቻ የሚያነብ የሮታሪ መለኪያ የሌለው ጋራዥ «ደህና ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት።

የእኔን ችግር ያገኘው ሮታሪ የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ ነው። ማታ ራዲያተሩ ላይ የግፊት መሞከሪያ ገጥሞ አሳደረው። ጠዋት ካንዴላዎቹን ፈትቶ ሞተሪኖውን ሲያዞር፣ ከፊተኛው ሮተር የካንዴላ ቀዳዳ ውኃ ተረጨ። የማቀዝቀዣውን ውኃ ከማቃጠያው ክፍል የሚለዩት የጎማ ቀለበቶች አልቀዋል። ሌሊት ውኃ ይሾልካል፣ ጠዋት አንዱ ሮተር አይቃጠልም፣ ሞተሩ ሲሞቅ ውኃው ተንኖ ይወጣል። ሻጩም ሚኒሞውን በብሎን ከፍ ያደረገው እንዳትጠፋበት ነበር። ለዚህ ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ እንደገና ከመሠራት ሌላ መፍትሔ የለውም።

ስለዚህ ሻጩን አስቀድማችሁ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳት» በሉት። እንደደረሳችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውኃው መሙላቱን እዩ፤ የሞቀውን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ስትነሳ ከኋላ የሚቆም ሰው ይኑራችሁ። ትንሽ እንፋሎት በቅዝቃዜ ያለ ነው፤ ጣፋጭ ሽታ ያለው የማያባራ ነጭ ጭስ ግን አንቲፍሪዝ ያለበት የራዲያተር ውኃ ነው። በደንብ ከነዳችኋት በኋላ አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና አስነሱ። ኮምፕሬሽን የደከመበት ሮታሪ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ ሲግል መነሳት እምቢ ይላል። «ዘይት ጠብታ አትበላም» ብሎ የሚያሞግስላችሁም ካለ ተጠራጠሩ። ይህ ሞተር ሲሎቹን ለማለስለስ ሆን ብሎ ጥቂት ዘይት ያቃጥላል። ዘይቱ ካልቀነሰ ይህን ዘይት ለሲሎቹ የሚያደርሰው ፓምፕ አይሠራ ይሆናል።

ጠዋት አልነሳ ያለች ሁሉ ሞተሯ ሞቷል ማለት ግን አይደለም። ቀዝቃዛ ሮታሪ ተነስታ ሁለት ሜትር ተንቀሳቅሳ ወዲያው ከጠፋች ቤንዚን ይሞላታል። ቤንዚኑ ዘይቱን ከሲሎቹ ላይ ያጥበዋል፣ ኮምፕሬሽኑም ይወርዳል። ያን ጊዜ የነዳጁን ፊውዝ ነቅሎ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ሞተሪኖውን ለአጭር ጊዜ ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚያፈስ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የተበላሸ የውኃ ሙቀት ሴንሰርም ሚኒሞ ያበላሻሉ። እነዚህ ሞተር ሳይወርድ ይሠራሉ።

የእኔው ሞተር አሁን ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተበትኗል። ሻጩ ስልክ አያነሳም። እናንተ ግን መኪናዋን ቀዝቃዛ ሳለች ላሳይ የማይል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ቁልፉን መልሱለት።