ሐምሌን ያተረፈልን ልጅ፦ የኢሜይል ትል የገባበት ቢሮ ሁሉ ቢጠራው የምመኘው ባለሙያ

ሰላም ወዳጆቼ። ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ በአደባባይ እንዲመሰገን ስለምፈልግ ነው። የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን እሰጣለሁ።

መገናኛ አካባቢ ትንሽ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። ሦስት ሠራተኞች ነን፣ ኮምፒውተራችንም ሦስት ነው። የነጋዴ ሒሳብ እንይዛለን፣ ግብር እናሰላለን። ሐምሌ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ታውቁታላችሁ። ምሳ እንኳ ቁጭ ተብሎ አይበላም። ነገሩ የደረሰው በዚያ ሰሞን ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንድ ኢሜይል ከፈተች። ላኪው የምናውቀው ደንበኛ ነው። ርዕሱ ባለፈው ሳምንት ስንጻጻፍበት የነበረው ራሱ ነው፤ ከሥሩም እኛ የጻፍነው መልእክት አለ። ከላይ ሁለት መስመር ተጨምሯል፦ ደረሰኙ ተያይዟል፣ የመክፈቻ ቁጥሩም ይኸው ይላል። ልጅቷ የተያያዘውን ዚፕ፣ ማለትም ታሽጎ የተላከውን ፋይል፣ በቁጥሩ ከፈተችው። ውስጡ የዎርድ ፋይል ነው። ጽሑፉን ለማየት ከላይ ቢጫው መስመር ላይ ያለውን ኢኔብል ኮንቴንት ተጫኑ ይላል። ተጫነች። ምንም የመጣ ነገር የለም። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ብላ ዘጋችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ያቃጭል ጀመር። መርካቶ ያሉ አንድ አዛውንት ደንበኛችን “ልጄ፣ የላክሽልኝ ደረሰኝ አልከፈት አለኝ እኮ” አሉኝ። እኔ ምንም አልላክሁም። ወዲያው ሌላ ደንበኛ ደወለች። ቀጥሎ ሌላ። በእኛ ስም፣ በእኛው የቆየ ደብዳቤ ላይ መልስ እየተጻፈ ለደንበኞቻችን ፋይል እየተላከ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። እነዚህ ሰዎች የሒሳብ መዝገባቸውን አምነው የሰጡን ናቸው።

መጀመሪያ የደወልኩት ኮምፒውተሮቻችንን ድሮ ለሚያይልን ሰው ነበር። “አንቲቫይረስ ጭኜልሽ የለ? ምንም አይሆንም፣ ሰኞ እመጣለሁ” አለኝ። ሰኞ ድረስ ምን ይተርፈናል? ከጎናችን ቢሮ ያለች እህት ናት ይህን ልጅ የጠቆመችኝ። እሷንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ገና ስልኩን እንዳነሳ ነገሩን ነገርኩት። አላስጨረሰኝም። “እትዬ፣ የዋይፋዩን ሳጥን አሁኑኑ ከሶኬት ይንቀሉት። የኔትወርክ ኬብል የተሰካበት ካለም ይንቀሉ። ማንም ፍላሽ እንዳይሰካ። የኢሜይሉን ፓስወርድ በስልክዎ ዳታ ይቀይሩት፣ በቢሮው ኮምፒውተር ግን እንዳይሞክሩት፤ አዲሱንም ይወስደዋል።” ይህን ብሎ ዘጋ። 40 ደቂቃ ሳይሞላ ቢሮ ደረሰ።

ሲገባ ልጅቷ እያለቀሰች ነበር። ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ “እህቴ፣ የምታውቂው ሰው የላከልሽን ነው የከፈትሽው። ይህ ነገር የተሠራው የምናምነውን ሰው ስም ለብሶ እንዲገባ ነው” አላት። ለዚህች አንዲት ቃል ብቻ እንኳ ባመሰግነው አይበዛበትም።

እየሠራ ያስረዳን ነበር። ቫይረስ ሌላ ፋይል ላይ ተለጥፎ ሰው ያንን ፋይል እስኪያዞረው ይጠብቃል። ዎርም፣ ማለትም ትል፣ ራሱን በራሱ አባዝቶ ይጓዛል። የኢሜይል ትል የሚጓዘው በእኛ የአድራሻ ዝርዝር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሜሊሳ የተባለው በዎርድ ፋይል ውስጥ ተደብቆ ከአድራሻ ዝርዝሩ ላይ ለመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ራሱን ይልክ ነበር። በዓመቱ፣ ሜይ 4 ቀን 2000፣ ከፊሊፒንስ የተነሳው አይ ላቭ ዩ የተባለው ትል ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ራሱን ላከ። የእንግሊዝ ፓርላማ ሳይቀር ኢሜይሉን ለጊዜው ዘግቶ ነበር። የተያያዘው ፋይል የፍቅር ደብዳቤ ይመስላል፤ ስሙ በቲኤክስቲ የሚያልቅ ተራ ጽሑፍ ነው የሚታየው። እውነተኛው መጨረሻ ግን ቪቢኤስ ነበር፣ ማለትም ሲከፈት ትእዛዝ የሚፈጽም ፋይል። ዊንዶውስ ያንን የመጨረሻ ቅጥያ ስለሚደብቀው ሰው አያየውም። ዛሬም ይደብቀዋል። ልጁ ሦስቱም ኮምፒውተሮቻችን ላይ ቅጥያው እንዲታይ አድርጎልን ሄደ። እናንተም ፋይሎቻችሁ ያሉበትን መስኮት ክፈቱና ቪው ከሚለው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ምልክት አድርጉበት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እኛን ያጠቃው ዘዴ ኢሞቴት ከተባለው አደገኛ ፕሮግራም የተቀዳ ነው አለን። ኢሞቴት የቆዩ ደብዳቤዎችን ሰርቆ በዚያው ንግግር ላይ መልስ መስሎ ይገባ ነበር። ዚፑ በቁጥር የሚቆለፈው ደግሞ ኢሜይሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያለ የቫይረስ ፈታሽ ፕሮግራም ውስጡን እንዳያይ ነው። እኔ በበኩሌ ቁጥር ያለው ፋይል የበለጠ የተጠበቀ ይመስለኝ ነበር። የስምንት አገር ፖሊሶች ተባብረው በጃንዋሪ 2021 የኢሞቴትን ሰርቨሮች፣ ማለትም የሚታዘዝባቸውን ኮምፒውተሮች፣ ያዙ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተመልሶ መጣ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጡ ፋይሎች ውስጥ ያሉትን ማክሮዎች፣ ማለትም ኢኔብል ኮንቴንት ሲጫኑ የሚሠሩትን የተደበቁ ትእዛዞች፣ ራሱ መዝጋት ጀምሯል። የእኛ ኦፊስ ግን የ2010 ነው። ይህ እትም ድጋፉ ከ2020 ጀምሮ ተቋርጧል፣ ስለዚህ ያ መከላከያ አልደረሰውም።

ያ ተጭኖልሻል የተባልኩት አንቲቫይረስ ደግሞ ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ተሰብሮ የተጫነ ቅጂ፣ ሆኖ ተገኘ። ከዓመት በላይ አልታደሰም። ይባስ ብሎ እሱ ስላለ የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ፣ ዲፌንደር፣ ገሸሽ ብሎ ተኝቷል። ገንዘብ ከፍዬ ጠባቂዬን አስተኛሁ ማለት ነው። ልጁ መጀመሪያ ያጠፋው ያንን ክራክ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ያዘ። ሁለቱን በዲፌንደር ኦፍላይን ስካን ፈተሸ። ይህ ፍተሻ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ስለሚሠራ ትሉ መደበቂያ አያገኝም። በራሱ ላፕቶፕ ያወረደውን የማይክሮሶፍት ነፃ ሴፍቲ ስካነርም ደገመበት። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞችና በሰዓት የታዘዙ ሥራዎችን እያየ፣ በአንደኛው ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደሎች የተደረደሩበት ስም አሳየኝ። ፋይሉን ብቻ ብናጠፋና ይህንን ብንተወው ኖሮ ነገ ጠዋት ተመልሶ ይነሳ ነበር።

ልጅቷ ፋይሉን የከፈተችበትን ኮምፒውተር ግን ስካኑ አጸዳሁ ካለ በኋላም አላመነውም። “ይህ ዓይነቱ ትል በር ይከፍትና ሌላ ያስገባል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውንም ጭምር። ምን እንደገባ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም” አለኝ። አላውቅም የሚል ባለሙያ ማግኘት እንዴት ያሳርፋል! የሒሳብ ፕሮግራማችንን የፒችትሪን ዳታና የኤክሴል ሥራዎቻችንን ብቻ አውጥቶ ፈተሸ፤ አንድም ፕሮግራም አልቀዳም። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን ከአዲስ ጫነ። እስከ ማታ 4 ሰዓት አብሮን ቆየ።

ኢሜይላችንንም አልተወውም። በየትኛውም ቦታ ተከፍቶ ካለ እንዲዘጋ አደረገ። ደብዳቤያችንን ወደማናውቀው አድራሻ የሚያሻግር ትእዛዝ አለመኖሩን አየ። በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ አስገባልን። ብሮውዘሩ ላይ ሴቭ ያደረግነውን ፓስወርድ ሁሉ፣ የባንኩንም ጭምር፣ እንደተሰረቀ ቆጥረን በሙሉ ቀየርን።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። እሱ ግን “ደንበኞቹስ?” አለ። “በኢሜይል አይጻፉላቸው፣ አሁን ኢሜይልዎን አያምኑም። ይደውሉ።” በማግስቱ ሦስታችን ተካፍለን ግማሽ ቀን ስልክ ስንደውል ዋልን። ያፍራል ሰው፤ እኔም አፍሬ ነበር። ግን ሁለት ሰዎች ፋይሉን ከፍተውት ተገኙ። የመርካቶው አባት የከፈቱት በስልካቸው ነው፤ ማክሮው የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ አልነካቸውም። ሌላዋ ግን በሱቋ ኮምፒውተር ነበር የከፈተችው። ልጁ በዚያው ቀን ሄዶ አጸዳላት። ባንደውልላት ኖሮ ከእሷ ወደ ሌላ ሰው ይሄድ ነበር። ባለሙያ ብዬ ስጠቁመው ከሁሉ በላይ ይህን አስቤ ነው።

ለሁለት ቀን ሥራ 4,500 ብር ነው የጠየቀኝ። አዲስ አንቲቫይረስ ሊሸጥልኝ አልሞከረም፤ ዲፌንደርን ካደሳችሁት ይበቃችኋል አለ። በየሳምንቱ ባክአፕ የምናደርግበት ሃርድ ዲስክ ግዙና ከቀዳችሁ በኋላ ንቀሉት ብሎናል፤ ገዝተናል። የዚያን ሐምሌ ሥራ የማንም ደንበኛ ግብር ሳያልፍበት ጨረስን።

በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል። እሁድ ስልክ የሚያነሳው ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰ በኋላ ነው። ቁጥሩን የምትፈልጉ ጻፉልኝ። እሱ እስኪደርስ ግን ዋይፋዩን ንቀሉት።