በእጅ አንጓ የሚታሰረውን የፍጥነት መለኪያ ከመግዛታችሁ በፊት

«አንድ ጊዜ ብቻ ልታነሱት የምትችሉትን ክብደት ሳትሞክሩት እነግራችኋለሁ» እየተባለ የሚሸጥ፣ በእጅ አንጓ የሚታሰር የፍጥነት መለኪያ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን ለጊዜው አቆዩት። መሣሪያው አቅማችሁን የሚገምተው ብረቱን የምታነሱበትን ፍጥነት እየለካ ነው፤ ክብደቱ ወደ አቅማችሁ ጣሪያ በቀረበ መጠን ብረቱ በዝግታ ይነሳልና። እኔ የገዛሁት በቀላል ክብደት ላይ አንጀት ያርሳል። ብረቱ ሲከብድ ግን፣ ማለትም ቁጥሩ በእርግጥ በሚያስፈልገኝ ሰዓት፣ አንዳንዱን ማንሳት ጨርሶ አይቆጥረውም፤ ከቆጠረውም ውስጥ እያቃሰትኩ የገፋሁትን ፈጣን አድርጎ ይመዘግበዋል።

ችግሩ የሚመነጨው ከአሠራሩ ነው። መሣሪያው ፍጥነትን በቀጥታ አይለካም። በውስጡ ያለው አክስለሮሜትር የሚያነበው የፍጥነትን ለውጥ ሲሆን፣ ፍጥነቱ የሚገኘው ያንን ለውጥ ከቅጽበት ቅጽበት በመደመር ነው። ስሕተቱም አብሮ ይደመራል። በየሰከንዱ 0.05 ሜትር በሰከንድ የሚጨምር መዛነፍ 2 ሰከንድ በሚፈጅ ማንሳት መጨረሻ ላይ 0.1 ይደርሳል። ለፈጣን ማንሳት ይህ ኢምንት ነው። በቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተጋድሞ ብረትን ከደረት ወደ ላይ በመግፋት) ግን የመጨረሻው አቅም የሚነሳው በ0.17 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ሲሆን፣ የ5 በመቶ የክብደት ልዩነት የሚያመጣው የፍጥነት ለውጥ ከ0.07 እስከ 0.09 ብቻ ነው። ስሕተቱ ከወርቁ የሚከብድ ሚዛን ማለት ይህ ነው። ጠንቃቃ አምራቾች ብረቱ ከላይና ከታች ጸጥ ሲል ፍጥነቱን ወደ ዜሮ በመመለስ ስሕተቱን ያርማሉ፤ ሳያርፍ ለሚደጋግም ሰው ግን ይህ እርማት ብዙም አያግዘውም። በዚያ ላይ የሚለካው የእጃችሁን አንጓ እንጂ ብረቱን አይደለም፤ አንጓ ደግሞ ይታጠፋል።

«ከላቦራቶሪ መሣሪያ ጋር ያለው ትስስር 0.95 ነው» የሚለው ማስታወቂያ አያታልላችሁ። ትስስር የሚነግራችሁ የሁለቱ መሣሪያዎች ቁጥሮች አብረው መውጣት መውረዳቸውን እንጂ እኩል መሆናቸውን አይደለም። ሁልጊዜ 0.1 እየጨመረ የሚዋሽ መሣሪያም ቢሆን ትስስሩ ፍጹም 1 ነው። ሻጩን የምትጠይቁት ሌላ ነገር ነው፦ ከአቅም 90 በመቶ በላይ በሆነ ክብደት ከላቦራቶሪው መሣሪያ ጋር ያለው ልዩነት በአማካይ ስንት ነው? ከየት እስከ የትስ ይዋዥቃል? የእኔ ሻጭ መልስ አልነበረውም። ዕቃውን ልመልስለት ስል ደግሞ «ማሸጊያው ተከፍቷል» አለኝ። ሳይከፈት እንዴት እንደሚሞከር ግን አልነገረኝም። ያለፉትን ልምምዶች መዝገብ ለማየት በየወሩ መክፈል እንደሚያስፈልግም ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከሞከራችሁ በኋላ መመለስ እንደምትችሉ በጽሑፍ ካልተረጋገጠላችሁ አትክፈሉ። ሙከራው ቀላል ነው። ስልካችሁን በብረቱ ቁመት ልክ ከጎን አቁሙና በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳው ዘገምተኛ ቪዲዮ ቅረጹ። ብረቱ የሚጓዘውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያሉትን ምስሎችም ቁጠሩ። 45 ሳንቲ ሜትር በ360 ምስል ከተጓዘ 1.5 ሰከንድ ፈጅቷል፤ አማካይ ፍጥነቱ 0.30 ነው። በቀላሉም በከባዱም ክብደት ደጋግሙት፤ በከባዱ ላይ ያገኛችሁት ቁጥር መሣሪያው ከሚያሳየው ጋር ካልተቀራረበ ዕቃውን ወዲያውኑ ለሻጩ መልሱ።

በጀታችሁ ከፈቀደ ከብረቱ ጋር በገመድ የሚያያዘውን ዓይነት ተመልከቱ። እርሱ የሚያነበው ርቀትን በመሆኑ በዝግታ በሚነሳ ክብደት ላይ ስሕተት አያጠራቅምም። ገመዱ በእርግጥ ያስቸግራል።