ለገሃር አካባቢ ያገኘነው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና፦ የእናቴ አምስት ወር

እናቴ ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ልትሄድ ከአልጋዋ ስትነሣ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ዕድሜዋ 71 ነው። ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላትና አጥንቱ በብረት ታሰረ። ቀዶ ጥገናው በደንብ የተሠራ ነበር፤ ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ በእጃችን የነበረው የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀጠሮ ወረቀትና «ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሷት» የሚል አንድ ምክር ብቻ ነበር። ቀስ ማለት ምን ያህል እንደሆነ፣ ክብደቷን በተጎዳው እግር ላይ መጣል ትችል እንደሆነ፣ ከአልጋ ስትነሣ የቱን እግር እንደምታስቀድም የነገረን አልነበረም። ስለዚህ ቤተሰቡ የመሰለውን አደረገ። አክስቴ «አጥንቱ እስኪገጥም ንቅንቅ ማለት የለባትም» ስላሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስተኝተን አቆየናት። ከነበረው ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይኸው ሦስት ሳምንት ነው። እንዲህ ያለ ስብራት በቀዶ ጥገና የታከመ አረጋዊ፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር፣ በማግስቱ ከአልጋ እንዲነሣ የሚመከረው በምክንያት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ተኝቶ በቆየ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሳንባው ለኢንፌክሽን፣ የእግሩ ሥር ለደም መርጋት፣ ጀርባው ለአልጋ ቁስል ይጋለጣል።

የምጽፍለት ክሊኒክ ከለገሃር ወደ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ነው። ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም፤ ሆኖም ያየሁትን በዝርዝር ብጽፍ፣ በእኔ ቦታ ያለ ሰው የትኛውንም የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ለመመዘን ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። እኛ የምንኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን እናቴን ወንድሜና የጎረቤት ልጆች ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው ነበር ያወረዷት።

ያ የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ማሽን አልተከፈተም። ባለሙያዋ፣ ገና ወጣት ሴት ናት፣ የሐኪሙን ደብዳቤና የራጁን ፊልም ካየች በኋላ ወንበሯን ስባ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠችና «እማማ፣ ከመውደቅዎ በፊት ውሎዎ እንዴት ነበር? አሁንስ ምን ማድረግ ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ልጄ፣ እኔ ቆሜ ማስቀደስ ነው የምፈልገው። ቡናዬንም በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ላፍላ» አለቻት። ባለሙያዋ ይህንኑ ሳትለውጥ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ሁሉ ወደነዚህ ሁለት ነገሮች የሚያደርስ ነበር። ለእኔ የዚህ ክሊኒክ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ መለካት መጣ። የሁለቱንም እግሮች ታፋ ከጉልበት እኩል ርቀት ላይ በሜትር ለካች፤ የተሰበረው ወገን በ3 ሳንቲ ሜትር ቀጥኖ ተገኘ። ዳሌዋና ጉልበቷ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ በማዕዘን መለኪያ አየች። በመጨረሻም፣ እናቴ በዎከር መቆም መቻሏን ካረጋገጠች በኋላ፣ ከወንበር ተነሥታ 3 ሜትር ተራምዳ፣ ዞራ ተመልሳ እስክትቀመጥ ያለውን ጊዜ በሰዓት ያዘች፤ 41 ሴኮንድ ሆነ። ይህ ቀላል የሚመስል ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በብዙ አገር የሚሠራበት ሲሆን፣ 12 ሴኮንድና ከዚያ በላይ የሚፈጅበት አረጋዊ ለመውደቅ አደጋ የተጋለጠ ነው ተብሎ ይታሰባል። ቁጥሩ ሲነገረን ልባችን ቢሰበርም ኋላ ግን ትልቅ ጉልበት ሆነን፤ በየሁለት ሳምንቱ እየተለካ 41 የነበረው 28፣ ከዚያም 19 ሲሆን፣ እናቴ ራሷ «ዛሬ ስንት ሆነልኝ?» ብላ መጠየቅ ጀመረች።

ይህን አጥብቄ የማነሣው ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ ያጋጠመኝ ስላለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወገቤን አሞኝ አንድ ክሊኒክ ለአሥር ቀን ተመላልሼ ነበር። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ የሙቀት መብራት ሥር፣ ሃያ ደቂቃ ደግሞ የኤሌክትሪክ ንዝረት በሚሰጠው ማሽን ተኝቼ ከመውጣት በቀር ወገቤን በእጁ የዳሰሰ፣ ጎንበስ ብዬ እንዳሳየው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሙቀትና ንዝረት ሕመምን ለጊዜው ማስታገሳቸው እውነት ነው፤ የደከመ ጡንቻን ግን አያበረቱም። ጡንቻ የሚበረታው ሲሠራ ብቻ ነው፤ ያንን ሥራ ደግሞ ሕመምተኛው ራሱ እንጂ ማሽን ሊሠራለት አይችልም።

እናቴ የተሰጣት ልምምድ በቁጥር ጥቂት ነበር። ከጉልበቷ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጋ ወደ ታች መጫንና እስከ አምስት መቁጠር፤ የኩሽና ጠረጴዛ ይዛ ቆማ የተጎዳውን እግር ወደ ጎን ማውጣት፤ ተረከዝን ከመሬት ማንሣት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እጇን ሳትጠቀም ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ለዚህ የመጨረሻው ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ደርበው ከፍ ባለው ጀመሩና በየሳምንቱ አንድ አንድ እያነሱ ዝቅ አደረጉት። በሦስተኛው ወር ባለሙያዋ «በርጩማውን ከቤት አምጡልኝ» አለችን። ወንድሜ በፌስታል አድርጎ አመጣው። እናቴ ክሊኒኩ መካከል በራሷ በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ የሌለ ጀበና አንሥታ እንደምትቀዳ ሆና፣ ከዚያ ሰው ሳይደግፋት ስትነሣ ሌሎቹ ታካሚዎች አጨበጨቡላት። አጥንቷ በብረት የታሰረ በመሆኑ እንጂ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ የተተካ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ያህል ዝቅ ብሎ መቀመጥ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ እንደማይሞከርም በዚያው ቀን ነግረውናል።

ከዘራ አያያዝንም ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። እኛ የተጎዳውን እግር እንዲደግፍ ብለን በዚያው ወገን አስይዘናት ነበር። ትክክሉ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከዘራው በጤናማው ወገን እጅ ተይዞ ከተጎዳው እግር ጋር እኩል ሲወጣ የዳሌው ጡንቻ መሸከም የነበረበትን ክብደት ይጋራዋል። ለደረጃ ደግሞ «ሲወጡ ደህናው ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም» የሚል አጭር ቃል ሰጧት። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል፤ እናቴ ዛሬም በየደረጃው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትለዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሁለተኛው ወር ላይ ባለሙያዋ፣ ጥንካሬዋ እየተመለሰ እናቴ ለምን አሁንም ስትዞር ግድግዳ እንደምትይዝ ጠየቀቻት። እናቴ «ያዞረኛል» አለች። ይህን ለዓመታት ስንሰማው ኖረናል፤ አንዱ ደም ግፊት ነው፣ ሌላው ደም ማነስ ነው ሲል አልፎ ነበር። ባለሙያዋ ግን አላለፈችውም። መቼ መቼ እንደሚያዞራት፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ጆሮዋ ይጮህ እንደሆነ፣ ንግግር የመተሳሰር፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ የማየት ወይም አንድ ወገን የመድከም ምልክት አብሮ ይመጣ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀች፤ እነዚህ ካሉ ነገሩ ከአንጎል ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንደምትልከን ነገረችን። ደም ግፊቷንም ተኝታና ቆማ ለካች። የእናቴ መልስ ግልጽ ነበር፦ አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገላበጥ፣ ተኝታ ስትነሣና ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ስታወርድ ጣሪያው ይዞርባትና ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይተዋታል።

ባለሙያዋ እናቴን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ጭንቅላቷን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙራ በሁለት እጇ እንደያዘች ፈጠን አድርጋ ወደ ኋላ አስተኛቻትና ዓይኖቿን መመልከት ጀመረች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አየሁ። ለጥቂት ሴኮንድ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ የእናቴ ዓይኖች ያለ ፈቃዷ ይርገበገቡ ጀመር፤ እርሷም «ኸረ ማርያም! ያዙኝ!» ብላ የባለሙያዋን ክንድ አጥብቃ ጨበጠች። ጥቂት ቆይቶ ረጋ።

የተሰጠን ማብራሪያ እንዲህ ነበር። በውስጠኛው ጆሮ፣ በእያንዳንዱ ወገን፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ የጭንቅላታችንን መዞር ለአንጎል የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ አጠገብ ባለው ክፍል የሚገኙ ደቃቅ የካልሲየም ቅንጣቶች አንዳንዴ፣ በተለይም ዕድሜ ሲገፋ ወይም ጭንቅላት ሲመታ፣ ከቦታቸው ተላቅቀው ወደ ቱቦዎቹ ይገባሉ። ያን ጊዜ ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፈሳሹን እያናወጡ ዓለም የሚዞር ያስመስላሉ። መፍትሔው ክኒን ሳይሆን፣ ጭንቅላትንና ሰውነትን በተወሰነ ቅደም ተከተል እያዞሩ ቅንጣቶቹን ወደ መጡበት መመለስ ነው፤ ዘዴውን ያወጣው ጆን ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም በመሆኑ በስሙ ይጠራል። ባለሙያዋ እናቴን በእያንዳንዱ አቅጣጫ ግማሽ ደቂቃ ያህል እያቆየች፣ በእግሮቿ መካከል ትራስ አድርጋ ዳሌዋን እየጠበቀች ወደ ጎን ገለበጠቻትና አስነሣቻት። በሳምንቱ አንድ ጊዜ ደገመችው። ማዞሩ ጠፋ።

እናቴ ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና «ያን ሌሊትም እንዲሁ ነበር፤ ስነሣ ጣሪያው ዞረ» አለችኝ። ለመውደቋ ምክንያቱ ይኸው ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ባለሙያዋም «ሳይሆን አይቀርም» ብቻ ነው ያለችው። ነገር ግን የተሰበረ ዳሌ ይዞ የመጣን ሰው ዳሌውን ብቻ ጠግኖ ከመስደድ ይልቅ ለምን እንደወደቀ መጠየቅ እንዴት ያለ ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ በዚያች ታክሲ ውስጥ ነው። ማዞሩ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከመጣም ሳንውል ሳናድር እንድንመለስ ተነግሮናል። የመኝታ ቤቱን ትንሽ ምንጣፍ አንሥተን፣ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ያስገጠምነውም በእነርሱ ምክር ነው።

በእናቴ ሰበብ ስመላለስ እኔም ታክሜያለሁ። የታክሲ ደረጃ ስቼ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ሲለኝ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጌሻ ጋር ሂድ አለኝ። ወጌሻን የሚንቅ ሰው አይደለሁም፤ አያቴ እጃቸው የተመሰገነ ወጌሻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ያበጠ እግር ስብራት ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ መታሸቱ፣ ይልቁንም ደም እስኪከለክል ጠብቆ መታሰሩ፣ እግር እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። በክሊኒኩ ያገኘሁት ባለሙያ ከቁርጭምጭሚቴ አጥንቶች በስተጀርባና በእግሬ ውጫዊ ጠርዝ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሕመሙን ጠየቀኝ፤ ከዚያ አራት እርምጃ እንድራመድ አደረገኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ ከተማ የወጣ ደንብ ነው፤ ራጅ የሚያስፈልገውን ጉዳት ከማያስፈልገው ለመለየት ይረዳል። እኔ መራመድ ስለቻልኩና አጥንቱ ላይ ስላላመመኝ ያለ ራጅ ሕክምናው ተጀመረ፤ ከሳምንት በኋላም ጥርሴን ስፋቅ በዚያ እግር ብቻ እንድቆም ታዘዝኩ። ጅማቱ ሲጎዳ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታውም አብሮ ስለሚጎዳ፣ ይህን ያልሠራ ሰው ያንኑ እግር ደጋግሞ ይስታል።

ቅሬታዬ ግን ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ፣ መራመድ የሚቸግረው ሰው የሚታከምበት ቦታ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የሚተማመነው በአንድ ሊፍት ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ሁለት ጊዜ ከሕንፃው በር ላይ ተመልሰናል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ወጥታ ከታከመች በኋላ ጠፍቶ እናቴ ከአንድ ሰዓት በላይ ወንበር ላይ ጠብቃለች። ደውሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ሁለተኛ፣ ለቤት የሚሰጠው የልምምድ ወረቀት ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ዳዊት የምትደግም፣ አማርኛ አሳምራ የምታነብ ሴት ናት፤ በራሷ ቋንቋ ቢጻፍላት ማንንም ሳትጠይቅ ትሠራው ነበር። ደጋግሜ ጠይቄ ስላልተለወጠ እኔው በትልልቅ ፊደል ተርጉሜ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩላት። ሦስተኛ፣ የአሥር ቀን ክፍያ በአንድ ጊዜ እንድንከፍል ተጠይቀን፣ በየቀኑ መክፈል እንደሚቻል ያወቅነው አጥብቀን ከጠየቅን በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንዷ ባለሙያ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ስለምትይዝ፣ በሌላው ቀን የምናገኘውን ትኩረት አናገኝም፤ መጋረጃውም አጭር በመሆኑ እናቴ ልብሷን ከፍ ለማድረግ ትሳቀቅ ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ የ3 ሜትሩ ፈተና 13 ሴኮንድ ሆነ። ባለሙያዋ ካሁን በኋላ መመላለስ እንደማያስፈልግ፣ ልምምዱን ግን እቤት እንድትቀጥልና ከሦስት ወር በኋላ ለመለካት ብቻ እንድትመጣ ነገረቻት፤ ተጨማሪ ቀጠሮ ሸጣ ገንዘብ ልታገኝብን ስትችል አላደረገችውም። እናቴ አሁን ወንጌል እስኪነበብ ድረስ በመቋሚያ ቆማ ታስቀድሳለች፤ ከዚያ ትቀመጣለች። መሄድ የምታስቡ ሰዎች የሐኪሙን ደብዳቤና ራጁን ይዛችሁ፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ጠዋት ሂዱ፤ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊትም ደውላችሁ ሊፍቱ እየሠራ መሆኑን ጠይቁ።