በርካሽ የሚተዋወቀውን የባትሪ በረዶ መጥረጊያ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በሚኒያፖሊስ፣ በሴንት ፖልና በዙሪያው ቤት ለገዛችሁ ወገኖች፦ በረዶ ሊጀምር ሲል በየስልካችሁ የሚመጣውን የርካሽ ባትሪ መጥረጊያ ማስታወቂያ አትመኑ። እዚሁ ሴንት ፖል የሣር ማጨጃና የስኖው ብሎወር (በረዶ እየሰበሰበ ወደ ጎን የሚወረውር ማሽን) ሞተር መጠገን እንጀራዬ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ በጣለ ማግስት እነዚህን ዕቃዎች ተሸክመው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ሐበሻ ናቸው፣ በገዙት ቤት ገና የመጀመሪያ ዊንተራቸው ነው። «ይጠገንልናል ወይ?» ይሉኛል። የሚጠገን ነገር የለውም። ዕቃው አልተበላሸም፤ ሲጀመርም ለዚህ አገር ድራይቭዌይ (ከመንገድ እስከ ጋራዥ ያለው የመኪና መግቢያ) አልተሠራም።

ሰው የሚቸኩልበት ምክንያት ይገባኛል። ሁለቱም ከተሞች በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤታችሁ ፊት ያለውን ሳይድዎክ (የእግረኛ መንገድ) እንድታጸዱ ያስገድዳሉ፤ ካላጸዳችሁ ከተማው ሠራተኛ ልኮ ያስጠርግና ሂሳቡን ለእናንተ ይልካል። እዚህ በአማካይ በዓመት 51 ኢንች ገደማ ይጥላል፤ በ2022–23 ዊንተር ደግሞ ከ90 ኢንች በላይ ጥሏል። ማስታወቂያዎቹ የሚነግዱት በዚህ ጭንቀት ነው።

የመጀመሪያው ማታለያ ዋጋው ላይ ነው። በትልቁ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የባዶ ማሽኑ ነው። ሳጥኑ ላይ ወይም ከሥዕሉ ሥር «ቱል ኦንሊ» የሚል ካያችሁ ውስጡ ባትሪም ቻርጀርም የለም ማለት ነው። ባትሪው ለብቻው ሲገዛ ከማሽኑ ሊወደድ ይችላል። የሌላ ድርጅት ባትሪ ቤት ውስጥ ካላችሁም አይገጥምም፤ እያንዳንዱ ድርጅት የሚሠራው ለራሱ ማሽን ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ «ባትሪውና ቻርጀሩ ተጨምረው ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ነው።

ሁለተኛው ቮልቱ ነው። «40 ቮልት ማክስ» የሚባለው ሥራ ላይ ሲውል 36 ቮልት ነው፤ «20 ማክስ» የሚባለውም 18 ነው። ማክሱ ባትሪው ሞልቶ ከቻርጀር እንደወጣ፣ ገና ምንም ሳይሠራ የሚለካ ነው። ምን ያህል ጉልበት እንደያዘ የሚነግራችሁ ዋት-ሰዓት የሚባለው ቁጥር ነው፤ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ አባዙት። ባለ 24 ቮልት፣ 4 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 96 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በትልልቆቹ የባትሪ ብሎወሮች ላይ የሚገጠመው አንድ ባትሪ ከ300 ዋት-ሰዓት በላይ ነው፤ ብዙዎቹም ሁለት ባትሪ ይጎርሳሉ። ይህን ሳታዩ ሁለቱን በዋጋ አታወዳድሩ።

ይህም በሞቃት ክፍል ነው። ሊቲየም ባትሪ ብርድ ሲያገኘው ጉልበቱ ይቀንሳል። ውርጭ ባለበት ጋራዥ ውስጥ ቻርጅ ማድረግም ባትሪውን ይጎዳዋል፤ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ አይደረግም። ባትሪውን ቤት ውስጥ አቆዩት፣ ልትሠሩ ስትወጡ ብቻ ግጠሙት።

አሁን ሥራውን እንመዝነው። ለሁለት መኪና የሚሆን፣ 20 ጫማ በ40 ጫማ ድራይቭዌይ ላይ 6 ኢንች በረዶ ቢጥል 400 ኪዩቢክ ጫማ ነው። በረዶው ደረቅና ቀላል ሲሆን አንዱ ኪዩቢክ ጫማ 6 ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ ጠቅላላው ወደ 11 ኩንታል ይሆናል። በመጋቢት የሚጥለው ውሃ ያዘለ በረዶ ግን 20 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ያው ድራይቭዌይ 36 ኩንታል ተሸክሟል ማለት ነው። በርካሽ በምትተዋወቀው፣ 96 ዋት-ሰዓት ባትሪና 12 ኢንች ስፋት ባላት የኤሌክትሪክ አካፋ ይህን እጠርጋለሁ ማለት የማይሆን ነገር ነው። እሷ የተሠራችው ለደረጃ፣ ለበረንዳና ለቀጭን መተላለፊያ ነው። ለዚያ ጥሩ ናት፤ ለዚያ የገዛት ሰው አይጸጸትም።

ማስታወቂያው ፈጽሞ የማያሳያችሁ ደግሞ የድራይቭዌዩን አፍ ነው። የከተማው የበረዶ መኪና መንገዱን እየጠረገ ሲያልፍ የገፋውን ሁሉ እዚያ ይከምረዋል። ክምሩ የተጨፈለቀ፣ ከጨውና ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ትንሿ ማሽን ትነካውና ትቆማለች። መልሳችሁ ወደ መንገዱ እንዳትገፉት ደግሞ የሚኒሶታ ሕግ ይከለክላል። ስኖው ብሎወር ስትመርጡ «ይህን ክምር ይበላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የዚህ አገር እውነተኛው ፈተና እሱ ነው።

ባለ አንድ ደረጃ የሚባለው ብሎወር መሬት በሚነካ የጎማ ምላጭ ይሰበስባል፣ በዚያው ምላጭ ይወረውራል። ለአስፋልትና ለኮንክሪት፣ ለመካከለኛ በረዶ ይበቃል፤ ጠጠር ላይ ግን ጠጠሩን እየለቀመ ስለሚተኩስ አትንዱት። ባለ ሁለት ደረጃው ፊቱ ላይ በሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት (ጥምዝ) ይፈጭና ከኋላው ባለ ማራገቢያ ይወረውራል፤ አፉም ብዙ ጊዜ 20 ኢንች ያህል ከፍታ አለው። ድራይቭዌያችሁ ሰፊ ከሆነ፣ ወይም የከተማው መኪና ደጋግሞ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ከሆናችሁ፣ የኔ ምክር ባለ ሁለት ደረጃ ነው። ታውንሃውስ ወይም ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ሁለት አካፋ ይግዛ፤ አንድ ሰፊ መግፊያ፣ አንድ ጠባብ ማንሻ። የፕላስቲክ ከሆነ ጠርዙ ላይ የብረት ክፈፍ ያለውን ምረጡ፤ ያለዚያ ኮንክሪት በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል።

ብዙ ወገኖች ያገለገለ የቤንዚን ብሎወር ይገዛሉ። በትክክል ከተመረጠ ከማስታወቂያው ዕቃ በእጅጉ ይሻላል፤ ነገር ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ሻጩን አስቀድማችሁ «እስክመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ማርሚታውን ሳትነኩ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን እዩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሞተሩ በብርድ እንደማይነሳ ያውቃል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን ቀጥሩት። ቤንዚን ለወራት ውስጡ ተቀምጦ ከነበረ ካርቡሬተሩ ይዘጋል፤ የካርቡሬተር ማጽጃውን ዋጋ ከምትከፍሉት ላይ አስቀንሱ። ቺንጋው ተሰንጥቆ እንደሆነም ተመልከቱ።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ጥምዙ መሐል ያለውን ፒን እንድታዩ ነው። ሺር ፒን ይባላል። ጥምዙ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲያገኝ እሱ ተሰብሮ ካምቢዮውን ያድናል፤ ለዚሁ ሲባል ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ ይሠራል። አንዳንድ ባለቤት ፒኑ ሲሰበርበት ተራ ጠንካራ ቡሎን ያስገባና ይሸጠዋል። ቀጥሎ የሚሰበረው ካምቢዮው ነው፤ የሱ ጥገና ማሽኑን ከገዛችሁበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እጀታው ላይ ያለው መልቀቂያ በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ከታሰረም ትታችሁ ሂዱ። መልቀቂያው እጃችሁን ስታነሱ ጥምዙን የሚያቆም ነው፤ ያሰረው ሰው ለሕይወታችሁ አላሰበም። መወርወሪያው ሲደፈን ሞተሩን አጥፍታችሁ በዱላ እንጂ በእጅ አይከፈትም። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን የታፈነው ጉልበት ጥምዙን አንዴ ሊያሽከረክረው ይችላል፤ በዚህ ጣት ይቆረጣል። ጋራዥ ውስጥም አታስነሱት፤ በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ ጭሱ ይገድላል።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ልምጣ፤ ይሄኛው ንጹሕ ሌብነት ነው። በሱቅ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚሸጥ ባለ ሁለት ደረጃ ብሎወር በ49 ዶላር፣ «መጋዘን ልንዘጋ ነው» በሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ከፍላችሁ የሚደርሳችሁ የመስታወት መፋቂያ ነው፣ ወይም ጭራሽ ምንም አይመጣም። እንደዚሁ ትንሽ ክብ ፕላስቲክ ዕቃ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ በኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ በረዶ ያቀልጣል ተብሎ ይሸጣል። አያቀልጥም። አንድ ኪሎ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሆኖ ለማቅለጥ ብቻ 93 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከላይ ያነሳሁትን የኤሌክትሪክ አካፋ ባትሪ ከሞላ ጎደል ይጨርሳል ማለት ነው። መዳፍ የሚያህል ፕላስቲክ ይህን ጉልበት ከየት ያመጣዋል?

ጨውም ላይ ተጠንቀቁ። ተራው የድንጋይ ጨው ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሥራው ይደክማል፤ በብርድ ቀን ከረጢት ሙሉ ብትበትኑ ገንዘብ መድፋት ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ ካልሲየም ክሎራይድ የሚል ይሻላል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለ20 ጫማ ድራይቭዌይ አንድ የቡና ማግ ጨው ይበቃል፤ የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

አከፋፈል ላይ፣ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) የላካችሁት ገንዘብ አንዴ ተቀባዩ ጋ ከገባ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ለማታውቁት ሻጭ፣ ዕቃውን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ በዜል ወይም በስጦታ ካርድ አትክፈሉ። በኦንላይን የምትገዙ ከሆነ በክሬዲት ካርድ ይሁን። ዕቃው ካልመጣ ወይም ሌላ ነገር ከመጣ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ ሂሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ 60 ቀን ሳያልፍ ለካርዱ ድርጅት በጽሑፍ ተቃውሞ አስገቡ። የማስታወቂያውን ሥዕል፣ የትዕዛዙን ኢሜይልና የደረሳችሁን ዕቃ ፎቶ አያይዙ፤ ማስታወቂያው በማግስቱ ሊጠፋ ስለሚችል ሥዕሉን ከመክፈላችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀሩት። ከዚያ ለሚኒሶታ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቢሮና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አመልክቱ። በቅርቡ የተጭበረበራችሁ ካላችሁ የማስታወቂያውን ሥዕል እዚህ ሥር ለጥፉልን፤ ሌላው ወገን ሳይከፍል ይየው።