የዳማ ጭምብል፦ ለአስሙ ተገዝቶ ስኳሩን ያወረደ ዕቃ

ሲያዩት ተራ ነገር ነው። ከመዳፌ ትንሽ የሚረዝም፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ። በአንዱ ጫፍ አስም ያለበት ሰው የሚጠቀምባት ፓፍ የምትገባበት የጎማ ቀዳዳ፣ በሌላው ጫፍ የድመት አፍና አፍንጫ ላይ የሚገጥም ለስላሳ ጭምብል አለው። 8 ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። የገዛሁት ለአስም ነው፤ የማመሰግነው ግን ይበልጡን ስለ ስኳሩ ነው።

ድመቴ ዳማ 11 ዓመቱ ነው። አስሙ ቀድሞ መጣ፦ መሬት ላይ ተለጥፎ፣ አንገቱን ወደ ፊት አስረዝሞ የሚስለው ሳል። ፀጉር አንቆት ይመስለኝ ነበር። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ኪኒን ሳሉን በጥቂት ቀናት ጸጥ አደረገው። ወራት ሲያልፉ ግን ውኃ መጠጣት አበዛ፣ የሚሸናበት አሸዋ ሁልጊዜ ርጥብ ሆነ፣ እየበላ ከሳ፤ የስኳር በሽታ ይዞት ነበር። ኪኒኑ ስቴሮይድ የሚባል እብጠትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ሥራውን እንዳይሠራ ያውካል። ቅንድብ ሲያበጁ ዐይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው። በየ12 ሰዓቱ 3 ዩኒት ኢንሱሊን እየወጋሁት፣ ከጆሮው ጫፍ ጠብታ ደም ወስጄ ስለካ 380 እና 410 አገኝ ነበር። የጤነኛ ድመት ስኳር ከ70 እስከ 150 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው።

ሐኪሙ መፍትሔው ኢንሱሊኑን መጨመር ሳይሆን ስቴሮይዱን ወደ ሳንባ ብቻ መላክ እንደሆነ ነገሩኝ። በትንፋሽ የሚሳበው ስቴሮይድ፣ ፍሉቲካዞን፣ ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ በጣም ያነሰ ነው። ድመት ደግሞ «ሳብ» ሲሏት አትስብም፤ ቱቦው ያስፈለገው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ ይቆይላታል፤ እርሷ እንደ ልማዷ ትተነፍሳለች።

ማለማመዱ 12 ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ጭምብሉን ምግቡ አጠገብ አስቀምጬ ተውኩት፤ አሸተተው፣ ናቀው። ከዚያ ለአንድ ትንፋሽ፣ ከዚያ ለሦስት ያህል ፊቱ ላይ ማስጠጋት ጀመርኩ። ያስቸገረን ድምፁ ነው። ፓፏ ስትጫን «ፍስስ» ትላለች፤ ይህ በድመት ቋንቋ የጠብ ጥሪ ነው። ዳማ ቁምሳጥን ላይ ወጥቶ እስከ ማታ አልወረደም። በኋላ ዘዴውን አገኘሁት፦ ፓፏን ነቅንቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ቱቦው ውስጥ እጫናለሁ፤ ወዲያው ዞሬ ጭምብሉን አስገጥማለሁ።

የዕቃው ትልቁ ብልሃት ጎኑ ላይ ያለችው ቅጠል የምታህል ስስ ክዳን ናት። በተነፈሰ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ከ7 እስከ 10 እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተነሥታ ቀጥ አለች። ተበላሸች ብዬ ዐይኑን ባየው፣ ትንፋሹን ይዞ እያየኝ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚሰለች ተፋጠጥን፤ እርሱ ተሸነፈ። ያቺ ክዳን ባትኖር መድኃኒቱ ገባ ብዬ ጭምብሉን አነሣ ነበር። ሲያበቃ አፉ ዙሪያ የቀረውን በርጥብ ጨርቅ እጠርግለታለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አብሮት የመጣው መመሪያ ስለ ቱቦው አጠባ አንድ ገጽ ሙሉ ይዘረዝራል፤ ስኳር ስላለባት ድመት ግን አንድ ቃል የለውም። ፍሉቲካዞን ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ስለሚፈልግ ኪኒኑ በአንዴ አይቆምም፤ ሐኪም ባዘዘው መጠን ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ኪኒኑ ሲቀንስ ደግሞ ኢንሱሊኑ ጉልበት ያገኛል። ይህን በወሬ አውቀው ነበር፤ በተግባር ያወቅሁት ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ዳማ የኋላ እግሮቹ እየከዱት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለካሁት፦ 52። ማር በጣቴ ድዱን ቀባሁት፣ ራሱን ሲያነሣ ምግብ አቀረብኩለት፣ ሐኪሙን ቀሰቀስኩ። የጠዋቱ መርፌ ቀረ፤ መጠኑም ወደ 1 ዩኒት ወረደ። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ ኪኒኑ በሚቀነስባቸው ሳምንታት ኢንሱሊን ከመውጋቱ በፊት ሁልጊዜ ስኳሩን ይለካ። መለኪያውም ለእንስሳት የተሠራ ቢሆን ይሻላል፤ የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር ብዙ ጊዜ አሳንሶ ያሳያል።

ሌሎቹ ጉድለቶች ትንንሽ ናቸው። በስድስተኛው ወር ፓፏ የምትገባበት ጎማ ላልቶ መድኃኒት ያሾልክ ጀመር። ቱቦውን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ አጥቦ እንዲሁ እንዲደርቅ መተው እንጂ በጨርቅ ማሸት አይገባም፤ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ድንገት ሳሉ ሲነሣበት የአየር ቧንቧን ቶሎ የሚከፍተው ሳልቡታሞልም በዚሁ ቱቦ ይሰጠዋል፤ ይህ ግን ለጭንቅ ጊዜ ነው። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይም ድዱ ሰማያዊ የመሰለ ድመት ፓፍ ቢሰጠውም ወዲያው ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ዛሬ ጠዋት ከመርፌው በፊት 168 ነበር። ሳል ካየሁ አንድ ወር አልፏል። ጎማው ስለላላ ሁለተኛውን አዝዣለሁ፤ ሁለት ጭምብል፣ ትልቅና ትንሽ፣ ይዞ ይመጣል። እንደ ዳማ ያለ ራሰ ትልቅ ድመት ትንሹ አይሆነውም። የመጀመሪያውን ትንሽ ጭምብል አልጋ ሥር ደብቆታል፤ ሌሊት እያንከባለለ ይጫወትበታል።