ግራንድ ሴንትራል ኦይስተር ባር፦ በባቡር ጣቢያ ምድር ቤት ያለ የባሕር ምግብ ቤት

በኒውዮርክ ከተማ፣ በግራንድ ሴንትራል የባቡር ጣቢያ ምድር ቤት የሚገኘውና በዛጎል ውስጥ በሚኖረው የባሕር እንስሳ በኦይስተር ስም የሚጠራው ኦይስተር ባር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913፣ ጣቢያው ራሱ በተከፈተበት ዓመት ነው። ወደዚህ ቤት የሚገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቀና ብሎ ጣሪያውን ይመልከት። ከስፔን በመጡት በጓስታቪኖ አባትና ልጅ ስም በሚጠራው ዘዴ፣ ስስ የሸክላ ጡቦች በሲሚንቶ እየተደራረቡ ተያይዘው የተሠራው ይህ ጣሪያ ክብደቱን የሚሸከመው በቅስቱ ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተነሣ እሳት ሸክላዎቹን ቢጎዳም ጣሪያው ተጠግኖ ዛሬም ውበቱን እንደያዘ ይታያል።

ከምግብ አዳራሹ ይልቅ ባንኮኒው ላይ እንድትቀመጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የቤቱ ሙያ በዓይን የሚታየው እዚያ ነውና። ፓን ሮስት የሚባለው የቤቱ ዝነኛ ምግብ የሚበስለው በእሳት ላይ ሳይሆን፣ ግድግዳቸው ድርብ በሆነና በመካከሉ እንፋሎት በሚያልፍባቸው፣ ዘንበል ተደርገው በሚገለበጡ የብረት ድስቶች ነው። አብሳዩ ቅቤውን፣ የክላም (እንደ ኦይስተር ባለ ዛጎል የሆነ የባሕር እንስሳ) መረቁን፣ የቺሊ ስጎውንና ኦይስተሩን ያገናኝና፣ የኦይስተሩ ጠርዝ መሸብሸብ ሲጀምር ክሬሙን ጨምሮ በተጠበሰ ዳቦ ላይ ይገለብጠዋል፤ ከላይም ፓፕሪካ ይነሰንስበታል። እንፋሎቱ ሙቀቱን እኩል ስለሚያዳርስ ክሬሙ ከሥር አያርም፤ ኦይስተሩም ሳይጠጥር ለስልሶ ይቀርባል። እኔ በበኩሌ ከዝርዝሩ ሁሉ የማስቀድመው ይህንኑ ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ የተከለከለ በመሆኑና ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን ይህን ሥርዓት ስለሚጠብቁ፣ ከእኛ ወገን የሚሄድ ሰው በዚህ ቤት የሚበላው የሚያገኝ ላይመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ቤቱ ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን ዓሦችም በጥብስ መልክ ያቀርባል። መረቁና ስጎው ከምን እንደተሠራ ግን አስተናጋጁን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቲማቲም የገባበት ቀዩ የማንሃተን ሾርባም ሆነ ክሬም ያለው ነጩ የኒው ኢንግላንድ ሾርባ የሚሠሩት በክላም ነውና።

ኦይስተር በአንድ ወቅት ድሃውም ሀብታሙም ከጎዳና ጋሪ ላይ ገዝቶ የሚበላው የኒውዮርክ ምግብ ነበር። የከተማው ፍሳሽ ወደቡን ስለበከለው ግን የመጨረሻዎቹ የኦይስተር ማሳዎች እ.ኤ.አ. በ1927 ተዘጉ። ስለዚህ ዛሬ በዝርዝሩ ላይ የምታነቧቸው ስሞች የሌሎች የባሕር ዳርቻዎች ስሞች ናቸው። ጥሬውን ለመቅመስ የሚደፍር ሰው ከሎንግ አይላንድ የሚመጣውን ብሉ ፖይንትና ከምዕራቡ ጠረፍ የሚመጣውን ኩማሞቶ የተባሉትን የኦይስተር ዓይነቶች በአንድ ሳህን ቢያዝዝ የአትላንቲኩን ጨዋማነትና የሰላማዊ ውቅያኖሱን ጣፋጭነት አነጻጽሮ ይረዳል፤ ለዚህም ከሎሚ ጭማቂ በቀር ሌላ ማጣፈጫ አያስፈልገውም።