የዕድሜ ልክ ወንበር ወይስ የ8 ዓመት ሹመት?

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛን ፕሬዝዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፣ ወንበሩም የዕድሜ ልክ ነው። በዚያው ፍርድ ቤት የወረዳ ዳኞችን የሚያግዘውን ማጅስትሬት ዳኛ ግን እዚያው ያሉት የወረዳ ዳኞች ለ8 ዓመት ይሾሙታል፤ ሹመቱ ሊታደስ ይችላል።

ስራውስ? ትናንት ማታ የተያዘ ሰው እጁ በካቴና ታስሮ መጀመሪያ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ማጅስትሬቱ ፊት ነው። መብቱን ይነግረዋል፣ አቅም ከሌለው ጠበቃ ያቆምለታል፣ የዋስትናውን ነገር ያያል። የብርበራ ማዘዣም ይፈርማል። ከባድ ወንጀል ላይ ቅጣት መወሰን ግን የወረዳ ዳኛው ድርሻ ነው። የፍትሐ ብሔር ክርክርን፣ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ፣ ማጅስትሬቱ እስከ ፍርድ ሊያደርሰው ይችላል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሚያልም የወረዳው ወንበር ይሻላል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞቹ ሶንያ ሶቶማዮርም ኬታንጂ ብራውን ጃክሰንም አልፈውበታል። እኔ ግን ምረጥ ብባል ማጅስትሬትነትን ነው የምመርጠው፤ ሰው እጅግ በፈራበት ሰዓት ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ዳኛ እሱ ነውና።